ኩላሊት የተተከለለት ሰው ኮሮና ሲደግመው

«አንዴ ይዞኝ ተነስቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርገኛል?» የሚለው አነጋገር በጤነኛ ሰው አፍ ሲሆን ግማሽ እውነት አለው። ኩላሊት ተተክሎለት ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲናገረው ግን መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። መጀመሪያ የያዘው ከተከላው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ክትባት ወስዶ ነበር? ከተከላው ስንት ጊዜ ሆነው? ሰውነቱ ሁለተኛውን ሕመም እንዴት እንደሚቀበለው የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ኩላሊት የሚሰጠውም በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ሕንድ ሄዶ የተተከለለትም ብዙ ነው። የትም ይደረግ የት፣ የወሎው ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወደ ደሴ፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ መካነ ሰላም ይመለሳል። የሚከታተለው የንቅለ ተከላ ሐኪም ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ነው ያለው። ስለዚህ ሳልና ቁርጥማት ሲጀምረው መጀመሪያ የሚያየው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የሰፈር ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያ ይሆናል። የሚበላሸውም ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚበላሸው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

መድኃኒቶቹ ምን ላይ ነው የሚሠሩት

ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት በባዕድ ዓይን ያየዋል። ከእናትም ይምጣ ከወንድም፣ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት መንታ ካልሆነ በቀር ለነጭ የደም ሴሎች እንግዳ ነው። እንዳያጠቁት አብዛኛው ታካሚ በየቀኑ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይውጣል፦ ታክሮሊመስ (አንዳንዱ በእሱ ቦታ ሳይክሎስፖሪን)፣ ማይኮፌኖሌት እና ፕሬድኒሶሎን።

ታክሮሊመስ የሚይዘው ቲ ሴል የሚባሉትን ነው። ቲ ሴል ጠላት ሲያገኝ በውስጡ ካልሲኒዩሪን የተባለ ኢንዛይም ይነቃና ኢንተርሉኪን-2 የሚባል የጥሪ ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል። በዚያ ጥሪ ሴሎቹ ይባዛሉ። ታክሮሊመስ ካልሲኒዩሪንን ስለሚያግድ ቲ ሴሉ ጠላቱን እያየ ጥሪውን እንደሚገባ ማሰማት አይችልም። ማይኮፌኖሌት መንገዱ ሌላ ነው። ማንኛውም ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዘረመሉን መቅዳት አለበት፤ ለዚህ ከሚያስፈልጉት ግብዓቶች አንዱ ጓኖሲን ነው። ሌሎች የሰውነት ሴሎች አሮጌውን መልሰው መጠቀም ስለሚችሉ ብዙም አይቸገሩም፤ ቲ ሴልና ቢ ሴል ግን በአብዛኛው አዲስ መሥራት አለባቸው። ማይኮፌኖሌት የሚዘጋው ይህንን የመሥሪያ መንገድ ስለሆነ ሁለቱም መባዛት ያቅታቸዋል። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ እብጠቱንም ትኩሳቱንም በጠቅላላው ያለዝባል።

የኮሮና ቫይረስን በደምና በአፍንጫ ውስጥ የሚይዘውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ፣ የሚያመርቱት ከቢ ሴል የሚወጡ ሴሎች ናቸው። ቢ ሴል ግን ብቻውን የሚያመርተው ደካማውን ነው። ጥሩ የሚጣበቅ አንቲቦዲ እንዲወጣው ንፍፊት በምንለው የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ከቲ ሴል ጋር ተገናኝቶ፣ ለሳምንታት እየተባዛና እየተመረጠ መሠልጠን አለበት። ታክሮሊመስ አሠልጣኙን አዳክሞታል፤ ማይኮፌኖሌት ሠልጣኙ እንዳይባዛ አድርጎታል። ተከላ የተደረገለት ሰው ከክትባት በኋላ አንቲቦዲው ዝቅተኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ከሦስቱ መድኃኒቶች ይህን ምላሽ በጣም የሚያኮላሸው ማይኮፌኖሌት እንደሆነ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

መማር ይከብዳል፤ ማስታወስ ያን ያህል አይከብድም

ጤነኛ ሰው ኮሮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዘው ደሙ ውስጥ በቂ አንቲቦዲ የሚታየው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሕመሙ ካለፈ በኋላ የማስታወሻ ቢ ሴልና የማስታወሻ ቲ ሴል ይቀራሉ። ቫይረሱ ተመልሶ ሲመጣ እነዚህ ከባዶ አይጀምሩም፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ አንቲቦዲው በብዛት ይወጣል፣ ቲ ሴሎቹም የተያዙትን ሴሎች ማጥፋት ይጀምራሉ። ልዩነቱ ጥቂት ቀን ይመስላል፤ ነገር ግን ቫይረሱ ከጉሮሮ ወደ ሳንባ የሚወርደው በእነዚያ ቀናት ስለሆነ ትልቅ ነው።

የንቅለ ተከላ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚጎዱት የመጀመሪያውን ሥራ ነው። ደረሳ (የቁርዓን ተማሪ) ሉሁን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ትኩሳት ቢጥለው አዲስ ሱራ አይያዝለትም፤ አምና በቃሉ የያዘውን ግን ተኝቶም ይለዋል። አንድ ጊዜ የተሠራ የማስታወሻ ሴል ለመንቃት የሚፈልገው የጥሪ ንጥረ ነገር ከአዲሱ ሴል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በታክሮሊመስ ሥርም ቢሆን የተወሰነ ሥራ ይሠራል። መነሣቱ ከጤነኛው ይዘገያል፣ ቁጥሩም ያንሳል፤ ግን አለ።

ከዚህ ተነስቶ «ኮሮና ደገመኝ» የሚለውን ሰው ማየት ይቻላል። ከተከላው በፊት ታሞ ወይም ተከትቦ የነበረ ሰው ማስታወሻውን የሠራው በሙሉ አቅሙ ነው፤ አብዛኛው አብሮት ተሻግሯል። ከተከላው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ማስታወሻውን የሠራው በመድኃኒት ሥር ሆኖ ነው። ያም ሆኖ በሕይወት ከወጡት ብዙዎቹ አንቲቦዲም ቲ ሴልም እንዳላቸው ታይቷል፤ እንዲያውም በክትባት ብቻ ከሚገኘው የተሻለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ቀን ይባዛል፣ ብዙ ዓይነት ፕሮቲኖቹንም ያሳያል፤ በብዛት ያገኘናቸው አብዛኞቹ ክትባቶች ግን የሚያሳዩት የቫይረሱን የእሾህ ፕሮቲን ብቻ ነው፣ እሱንም ለአጭር ጊዜ። ይህን «መታመም ይሻላል» ብሎ የሚተረጉም ሰው እንዳይኖር፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ክትባት ሳይኖር፣ በአሜሪካ ከ50 በላይ የሕክምና ማዕከላት 482 ተከላ የተደረገላቸው የኮሮና ታማሚዎች ተከታትለው ነበር፤ ሆስፒታል ከገቡት ውስጥ 20.5 በመቶው በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ያ ትምህርት የሚገኘው በዚህ ዋጋ ነው።

ከተከላው በኋላ ብቻ የተከተበ፣ ታሞ የማያውቅ ሰው በጣም ተጋላጩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ 658 ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች ሁለት ዙር የኤምአርኤንኤ ክትባት (ፋይዘር ወይም ሞደርና) ወስደው ሲመረመሩ አንቲቦዲ የተገኘባቸው 54 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ቁጥር ወደ መቶ ይጠጋል። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ 101 ሰዎች ሦስተኛ ዙር ሲሰጣቸው አንቲቦዲ ያላቸው ከ40 ወደ 68 በመቶ ወጡ። ስለዚህ ለሌላው ሰው «ማጠናከሪያ» የሚባለው ሦስተኛው ዙር ለእነዚህ ታካሚዎች የመሠረታዊው ክትባት አካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ መልኩ እንዲሰጥ የመከረው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለት ወስዶ «ጨርሻለሁ» ያለ ሰው አልጨረሰም።

ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱ የተደራረቡለት ነው፤ ታሞ የተከተበ ወይም ተከትቦ የታመመ። በእንዲህ ያለው ሰው እያንዳንዱ ተጨማሪ ግንኙነት ማስታወሻውን ሲያሳድገው ይታያል። ሆኖም አንድ ነገር ይህን ሁሉ ሊያፈርሰው ይችላል። ተከላው ሲደረግ ወይም ሰውነት ኩላሊቱን ሊጥል ሲነሣ የሚሰጡ ጠንካራ መርፌዎች አሉ፤ ቲ ሴልን ጠራርገው የሚያጠፉ፣ ወይም እንደ ሪቱክሲማብ ቢ ሴልን የሚያጠፉ። ከእነዚህ በኋላ ባሉት ወራት የድሮውን ማስታወሻ ማመን አይገባም። ተከላ ከተደረገ የመጀመሪያው ዓመት፣ በተለይም የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፣ ከሁሉም ከባዶቹ የሆኑት የመድኃኒቱ መጠን ከፍ የሚለው ያኔ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ለምን ይደግማል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የሚዞረው ቫይረስ ያኔ የነበረው አይደለም። ኦሚክሮን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲታወቅ የእሾህ ፕሮቲኑ ከ30 በላይ ቦታዎች ላይ ተለውጦ ነበር። አንቲቦዲ የሚጣበቀው በዚህ ውጫዊ ክፍል ላይ ስለሆነ አሮጌው አንቲቦዲ አዲሱን ቫይረስ በደንብ አይዘውም። ቲ ሴል ግን የሚያየው የፕሮቲኑን ትናንሽ ቁራጮች ነው፤ አብዛኞቹ ቁራጮች አልተለወጡም። ስለዚህ ቲ ሴል እንዳይዘን አይከለክልም፤ ከያዘን በኋላ ሳንባ እንዳይደርስ ያግዛል።

ችግሩ ተከላ የተደረገለት ሰው በመድኃኒት የታሠረበት ዋናው ክንድ ይኸው ቲ ሴል መሆኑ ነው። ጤነኛው ሰው አንቲቦዲው ሲያረጅ በቲ ሴል ይደገፋል፤ እሱ ግን ሁለቱም በከፊል ነው ያሉት። ስለዚህ ሁለተኛው ሕመም ከመጀመሪያው የሚቀልለት ቢበዛም ቀላል እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት አይቻልም።

የአንቲቦዲ ምርመራ አሠርቶ «ስንት አለኝ?» ማለት እዚህ ላይ ብዙም አይጠቅምም። ቁጥሩ ስለ ቲ ሴል ምንም አይናገርም፤ ከዚህ በላይ ከሆነ አይዝህም የሚባልበት የተስማሙበት ወሰንም የለም። ያን ገንዘብ ለክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር ለሚያሳየው የደም ምርመራ) እና ለታክሮሊመስ መጠን ምርመራ ማዋል ይበጃል።

ደገመው ወይስ መጀመሪያም አልለቀቀውም?

በተለመደው አሠራር «ዳግም ተያዘ» የሚባለው ከመጀመሪያው ምርመራ 90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ እንደገና ሲገኝበት ነው። ለዚህ ታካሚ ግን ይህ መለኪያ ያሳስታል። ጤነኛ ሰው ሊያስተላልፍ የሚችል ሕያው ቫይረስ የሚያወጣው በአብዛኛው እስከ 10 ቀን ነው። የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት የተያዘ ሰው ለሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ለወራት ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በመስከረም ታሞ በጥር እንደገና የተገኘበት ሰው አዲስ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ያው የመስከረሙ ሊሆንም ይችላል።

ለመለየት ሁለት ነገር ይጠየቃል። በመሀል ሙሉ በሙሉ ድኖ ነበር? በመሀል ተመርምሮ ነጻ ተብሎ ያውቃል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ ዳግም መያዝ ነው ለማለት ይቀርባል። ሳሉ ሳይለቀው፣ ትኩሳቱ እየሄደ እየመጣ የከረመ ከሆነ ግን ያልጠፋ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል፤ የአዲስ አበባው ሐኪም መስማት አለበት። ቫይረሱ እንዲህ በአንድ ሰው ውስጥ ለወራት ሲከርም በደካማው አንቲቦዲ ፊት እየተለማመደ ይለዋወጣል፤ አንዳንድ አዳዲስ ዝርያዎች የመጡት በዚህ መንገድ ሳይሆን እንደማይቀር ሳይንቲስቶች ይገምታሉ።

ከዚህ የተነሳ ለሌላው የሚነገረው የመለያ ቀን ለእሱ አይበቃም። 20 ቀን ድረስ ራሱን መለየት፣ ከተቻለም በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ በፈጣን ምርመራ ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ ይመከራል። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው በሚያድርበት ቤት ይህ ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው። ቢያንስ መስኮት ያለው ጥግ ለእሱ ይሁን፣ ከአንድ ትሪ መብላትና ጉርሻ ይቅር፣ ቡናው በረንዳ ወይም ደጅ ይፈላ። ቤተሰቡ መከተቡም ለእሱ መከላከያ ነው፤ የራሱ ክትባት ካልያዘለት ሰው ዙሪያውን ያሉት ሊሸፍኑት ይገባል።

ቤት ውስጥ ምን ይታያል

ትኩሳት አለመኖሩን ማመን አይገባም። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ስለሚደብቅ በሽተኛው 37.5 ላይ ሆኖ ሳንባው ሊያብጥ ይችላል። ተቅማጥ ደግሞ በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ነው፤ «ምግብ ነው» ተብሎ ሁለት ሦስት ቀን ይባክናል።

ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ በጣም ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ ወሎ ላይ ግን አነባበቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመመሪያዎች ላይ ያለው 94 በመቶ የሚለው ወሰን የታሰበው በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ ሰው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ወደ ደጋው ሲወጣ የጤነኛውም ቁጥር ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሳይታመሙ በፊት፣ በሚኖሩበት ቦታ፣ አምስት ደቂቃ አርፈው ተቀምጠው ለሦስት ቀን ለክተው መጻፍ ነው። ያ የራስ ቁጥር ይሆናል። በሕመም ጊዜ ከዚያ በ3 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ስድስት ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ ተራምዶ ከወረደ ወደ ሆስፒታል ነው። ከ90 በታች ከሆነ የትም ቦታ ድንገተኛ ነው። እጅ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይም ጥፍር ላይ ሂና ወይም ቀለም ካለ መለኪያው ስለሚሳሳት እጅን አሙቆ፣ ባልተቀባ ጣት ይለካ።

ሕመሙ የሚከፋው በአብዛኛው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ቀለለኝ ብሎ ሥራ የገባ ሰው በስምንተኛው ቀን ትንፋሽ ሲያጥረው ይታያል። በእነዚያ ቀናት ኦክስጅኑን ጠዋትና ማታ፣ የሽንቱን መጠን፣ ክብደቱንና የደም ግፊቱን መያዝ ይገባል። ሽንት ማነስ የሳንባውን ያህል የሚያስፈራ ምልክት ነው፤ የውሃ እጥረትም፣ የመድኃኒት መጠን መዛባትም፣ ኩላሊቱን ሰውነት መጣል መጀመሩም ሊሆን ስለሚችል ክሬቲኒን በዚያው ዕለት መታየት አለበት። ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ካለ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳበት፦ የመድኃኒት ግጭት

ቀድመን ያልነው «የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው» ይህ ነው። ኩላሊቱን ከኮሮናው ይልቅ ለኮሮናው የተሰጠው መድኃኒት ሊጎዳው ይችላል።

የመጀመሪያው የሕመም ማስታገሻ ነው። ለቁርጥማቱ ዳይክሎፌናክ መርፌ መወጋት፣ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ በየሰፈሩ የተለመደ ነው። እነዚህ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያጠባሉ፤ ታክሮሊመስም ያንኑ ያደርጋል፤ ሰውየው ላብና ተቅማጥ አድርቆታል። ሦስቱ ሲገናኙ ክሬቲኒን በቀናት ውስጥ ከፍ ይላል። ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ፣ በቀን ከ6 ፍሬ ሳያልፍ። ጄንታማይሲን መርፌም ኩላሊትን ስለሚጎዳ አይሆንም።

ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ነው። ኮሮናን አንቲባዮቲክ አይገድለውም፤ ባክቴሪያ ተጨምሯል ተብሎ ከተሰጠ ግን የትኛው እንደሆነ ለውጥ ያመጣል። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ታክሮሊመስን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግዱ መጠኑ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ራስ ያማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። አዚትሮማይሲን ከእነሱ በጣም ይሻላል። የፈንገስ መድኃኒቶቹ ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞልም የታክሮሊመስን የደም መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ታክሮሊመስን ክፉኛ ያወርዳል፣ ኩላሊቱም ሊጣል ይችላል። ይህ ለወሎ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ቲቢም ሊሆን ስለሚችል አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ይታይ፣ ቲቢ ሆኖ ከተገኘም ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለንቅለ ተከላ ሐኪሙ ይነገር።

ሦስተኛው ለኮሮና ራሱ የተሠራው ፓክስሎቪድ ነው። ሁለት መድኃኒት ነው፤ ኒርማትሬልቪር ቫይረሱን ያግዳል፣ ሪቶናቪር ደግሞ ኒርማትሬልቪር ቶሎ እንዳይሰባበር ጉበቱን ይይዛል። በዚያው ታክሮሊመስም ሳይሰባበር ይቀራል፤ መጠኑ በሁለት ቀን ውስጥ አደገኛ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ሐኪም ካዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ታክሮሊመሱ ለአምስቱ ቀናት ይቆማል፣ ኩላሊቱ ከደከመም የኒርማትሬልቪር መጠን ይቀነሳል፣ ሕክምናው ካለቀ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ የደም መጠን እየታየ ታክሮሊመሱ ይመለሳል። የደም መጠኑን ቶሎ መለካት በማይቻልበት ቦታ ሬምደሲቪር ለሦስት ቀን በደም ሥር መስጠት ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። የትኛውም ቢመረጥ ምልክቱ ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። ተቅማጥ ራሱም ያለ ምንም መድኃኒት ታክሮሊመስን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

አራተኛው የቤት መድኃኒቱ ነው። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ። ሻይ ውስጥ ጣል የሚደረግ ትንሽ ዝንጅብል አያሳስብም። ተጨምቆና ተቀጥቅጦ በማንኪያ በየቀኑ የሚወሰደው ግን ሌላ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ጥንቸሎች ላይ በተደረገ ጥናት የሳይክሎስፖሪንን የደም መጠን በግማሽ ያህል አውርዶታል። ሰው ላይ ተፈትኖ እስኪታይ ድረስ ራስን መሞከሪያ ማድረግ አያስፈልግም።

የራስን መድኃኒት ስለማቆም

ኮሮና ሲደግም «መከላከያዬ እንዲነሣ መድኃኒቱን ላቁም» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ከፊሉ ትክክል ነው፤ ሐኪሞችም የሚቀንሱት አለ። መጀመሪያ የሚነካው ማይኮፌኖሌት ነው፤ ሕመሙ መካከለኛ ወይም ከባድ ከሆነ ይቀነሳል ወይም ለጊዜው ይቆማል። ታክሮሊመስ በአብዛኛው ይቀጥላል። ፕሬድኒሶሎን ግን በምንም ምክንያት በአንድ ጊዜ አይቆምም። ለዓመታት ሲወስደው የኖረ ሰው የራሱ አድሬናል ዕጢ ሥራውን ስለተወ፣ ድንገት ሲያቆም የደም ግፊቱ ወድቆ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እያስመለሰው ክኒኑን መያዝ ያቃተው ታካሚ ቤት አይቀመጥም፤ በደም ሥር ሃይድሮኮርቲሶን ያስፈልገዋል። ሆስፒታል ገብቶ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ከሆነ በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን እስከ 10 ቀን ይሰጣል፤ ይህ 40 ሚሊ ግራም ገደማ ፕሬድኒሶሎንን ስለሚተካ ሁለቱን መደራረብ አያስፈልግም። ዴክሳሜታሶኑ ሲያበቃ ግን ወደ ቀድሞው የፕሬድኒሶሎን መጠን መመለስ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አስታማሚው ይህን ይጠይቅ።

ረመዳን ላይ የታመመ ሰው ጉዳይም አለ። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ ነው፤ በሱሁርና በኢፍጣር ሲወሰድ አንዱ ልዩነት ከ13 ሰዓት ያልፋል። ጤና ሳለ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ይቻል ይሆናል። ትኩሳትና ተቅማጥ ላለበት፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ለሚሠራለት ሰው ግን ውሃ ሳይጠጣ መዋል ጉዳት ነው፤ ለበሽተኛ የተፈቀደውን መጠቀም ነው።

እጥበት ላይ ሆነው ተከላ ለሚጠብቁ

ከላይ ካለው ሁሉ ትልቁ ተግባራዊ ነገር ይህ ይመስለናል። ማስታወሻው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቢሠራ ይሻላል። ሦስቱንም ዙር ተከላው ሳይደረግ መጨረስ፣ የመጨረሻውም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲሆን ማድረግ ነው። ካመለጠ ከተከላው ከአንድ እስከ ሦስት ወር በኋላ ይሰጣል። በአገራችን የተሰጡት የኮሮና ክትባቶች በሰውነት ውስጥ የሚባዛ ሕያው ቫይረስ ስለሌላቸው ለእነዚህ ታካሚዎች አያሰጉም፤ ክትባቱ ኩላሊቱን ያስጥላል የሚለውም ወሬ በጥናት አልተደገፈም። ኩላሊት ሰጪው ዘመድም አብሮ ይከተብ፤ በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ከተያዘ ቀጠሮው ይዛወራል።

ቤት ውስጥ የሚቀመጠው

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ጊዜ የአዲስ አበባው መንገድ ተዘግቶ ነበር። የታክሮሊመስ ክኒን በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አይደለም። ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ ተቀምጦ፣ ከሩቁ የማብቂያ ቀን ይልቅ ቅርቡ ቀድሞ እየተወሰደ መዞር አለበት። የአምራቹ ስም ሲቀየር የደም መጠኑም ሊቀየር ስለሚችል ከተለወጠ በኋላ ይለካ።

በኪስ የሚያዝ አንድ ወረቀትም ይጻፍ፦ ተከላው የተደረገበት ቀን፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ስምና መጠን፣ የመጨረሻው ክሬቲኒንና የታክሮሊመስ መጠን፣ ጤና ሳለ የተለካው የኦክስጅን ቁጥር፣ የክትባቶቹ ዓይነትና ቀን፣ ኮሮና የያዘባቸው ቀናት፣ የሐኪሙ ስልክ። ከታች በትልቁ «ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጠኝ» ይባል። የታክሮሊመስ ምርመራ ሲታዘዝ ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱ ክኒን ሳይዋጥ፣ የማታው ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው፤ ውጦ የመጣ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ያለ ምክንያት መድኃኒቱ ይቀነስበታል። ክኒኑን በኪስ ይዞ ሄዶ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ እዚያው መዋጥ ነው።